የሞታቸው ምክንያት በስሙ እንዲጠራ ያዘዙት ሲስተር

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው፣ በሆስፒታሉ ደግሞ ዘወር ሲሉ «ሲስተር ሜትር» ይባሉ የነበሩት እናታችንና አክስታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከቤት እመቤቷ እናታቸው በግንቦት ወር 1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበረች። በፊተኛዋ የአባታቸው የስፌት መኪና ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገደኛውን ታያለች፤ በኋለኛዋ ቤተሰቡ ያድራል። አባታቸው ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩና የበኩር ልጃቸው በተወለዱ ዕለት ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ለክተው፣ «ሃምሳ ሴንቲ! ይቺ ልጅ ጨርቅ አታባክንም» ማለታቸው በቤተሰቡ ሲነገር ኖሯል።

በ1948 ዓ.ም. ሲስተር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ወንድ ልጅ ወለዱ። ወሊዱ ቀላል ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ግን «እግርሽ መሬት እንዳይነካ፤ አርፈሽ ተኚ» እያለ አራሷን ከአልጋ አላወረዳቸውም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ እናትየው ሊታጠቡ ተነሡ። ከአልጋው እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው፤ ሦስቱን ሄዱ። «ልጄ፣ ትንፋሼ...» አሉና የበሩን መቃን ለመያዝ እጃቸውን ዘረጉ። ሲስተር ውኃ ይዘው ሲደርሱ እናታቸው መሬት ላይ ነበሩ። ግማሹ ሰው ነፋስ መታቸው አለ፤ ግማሹ ደንግጠው ነው አለ። በቀብራቸው ላይ የተነበበው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው፤ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም»። ሲስተር ያን ሳምንት ሙሉ የእናታቸው ግራ እግር ከቀኙ ወፍሮ እንደነበር ላገኙት ሁሉ ቢናገሩም «ልጅ ምን ያውቃል» ተብለው ዝም ተሰኙ።

ይህን ከመጀመሪያው ያስቀመጥነው በምክንያት ነው። ሲስተር ከማረፋቸው ከስድስት ቀን በፊት ስለዚህ ጽሑፍ አንድ ትእዛዝ ሰጥተዋል። «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው» የሚለው አባባል በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ አይገባም። የገደላቸው ነገር በስሙ ይጠራል፤ ከእርሳቸው በፊት ከዚህ ቤት ማንን እንደወሰደ ይቆጠራል፤ ቀጥሎ ዓይኑን በማን ላይ እንደጣለም ለቀብር የመጣው ሰው ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ የምታዳምጡት ያለፈውን ብቻ አይደለም።

ነገሩ የደም መርጋት ይባላል። ደም በእግር ሥር ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በባት ውስጥ፣ እንደ ወተት ይረጋል። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሲተኛ፣ ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥ፣ ሴት ስታረግዝና ስትወልድ፣ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ይበረታል። ብዙም ላያምም ይችላል። አንድ ቀን ከተጣበቀበት ይላቀቅና በደም ሥር ሽቅብ ይጓዛል፤ በልብ ቀኝ በኩል አልፎ የሳንባን ቧንቧ ይወትፋል። በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው። ካልታወቀ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ይህ ቤት ያውቃል።

ሲስተር በዘጠኝ ዓመታቸው የአራስ ልጅ እናት ሆኑ። ወንድማቸውን አዝለው የቤት ሥራ ይሠሩ እንደነበር፣ አስተማሪያቸውም «ይሄኛው ተማሪ ስንተኛ ክፍል ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ራሳቸው አጫውተውናል። በ1957 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ አባታቸው «ስፌቱን ያዢ፤ መርፌ ያው መርፌ ነው» ብለው ቢለምኗቸው፣ «አባባ፣ የእርስዎ ጨርቅ ቢበላሽ ተተርትሮ ይሰፋል» ብለው ወደ ነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። አባታቸው አኩርፈው ሰነበቱ፤ መሸኛው ቀን ሲደርስ ግን ጫፉ የተቀደደ አሮጌ ሜትር በኪሳቸው ከተቱላቸው።

በ1960 ዓ.ም. ተመርቀው በከተማው ትልቁ ሆስፒታል በወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደቡ። ክፍሉ በሁለት ረድፍ ሠላሳ ሁለት አልጋ ነበረው፤ መስኮቶቹ እስከ ግማሻቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል፤ ጥግ ላይ የመርፌ መቀቀያው ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ዶክተሮቹ ከመምጣታቸው በፊት በየአልጋው ያልፉና የተኛውን ሰው ሁለት ባት፣ ከጉልበት አጥንት አሥር ሴንቲ ዝቅ ብለው፣ ይለካሉ። ሁለቱም እኩል ከሆነ ያልፋሉ። በሦስት ሴንቲ ከተበላለጠ ይቆማሉ።

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ስምንት ቀን ከተኛ በኋላ ሊወጣ ልብሱን ለብሶ ሳለ ሲስተር «ቀኝ እግሩ በአራት ሴንቲ በልጧል፤ አይወጣም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አዛውንቱ ቀዶ ሐኪም ሣቁባቸው። «ምነው ሲስተር፣ ሱሪ ልትሰፊለት ነው?» አሉ። ሲስተርም፣ «የለም ዶክተር፤ ከፈን እንዳይሰፋለት ብዬ ነው» አሉ። ሰውየው ደም የሚያቀጥነው መርፌ ተጀመረለት፤ ማግስቱን ደረቱን ወጋኝ ማለት ሲጀምር መድኃኒቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ጋግሯል። «ሲስተር ሜትር» የሚለው ስምም በዚያ ሳምንት ወጣ።

በ1963 ዓ.ም. ከሬዲዮ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው «ሚስቴ ሰውን የምታውቀው ከጉልበቱ በታች ነው፤ ፊቱን የማስታውስላት እኔ ነኝ» እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር። ሁለት ጊዜ ጸንሰው ሁለቱም አልያዘላቸውም። ያን ጊዜ «አልተጻፈልንም» ተብሎ ታለፈ። ዛሬ ስናስበው ይህም ከዚያው ነገር ሊሆን ይችል ነበር፤ በእርግጥ ግን አናውቅም። የእናታቸውንም በእርግጥ አናውቅም፤ ማንም አልመረመራቸውም። ሲስተር የማያውቁትን ነገር እናውቃለን ብለን እንድንጽፍ አይፈልጉም ነበርና ያልታወቀውን አልታወቀም ብለን እናልፋለን።

ያሳደጓቸው ወንድማቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ሆኑ። ትዳራቸው ቶሎ ስለፈረሰና ሚስታቸው ወደ ሌላ አገር ስለሄዱ፣ በ1971 ዓ.ም. የተወለደችው ሴት ልጃቸውና በ1974 ዓ.ም. የተወለደው ወንድ ልጃቸው ያደጉት አባታቸው መንገድ ላይ በሆኑ ቁጥር በሲስተር ቤት ነው። ይህም ማለት ሁልጊዜ ማለት ነው።

በጥር ወር 1993 ዓ.ም. ሹፌሩ የሦስት ቀን መንገድ ነድተው ገቡ። ግራ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ሲስተር ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ሜትራቸውን አወጡ። «እትዬ፣ ተይኝ እባክሽ፤ ሦስት ቀን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የከረመ እግር ነው!» አሉ ሹፌሩ። «ፍሪሲዮን ባት አያሳብጥም። ተነሥ እንሂድ።» «ጭነቱን ላራግፍና መጣሁ፤ ሰው ይጠብቀኛል።» ሲስተር በሥራቸው ሠላሳ ሁለት አልጋ ሙሉ ወንድ የሚያዝዙ ሴት ነበሩ፤ ያዘሉትን ወንድማቸውን ግን እምቢ ማለት አልቻሉም። ሹፌሩ ከቀትር በኋላ በሰው ተደግፈው ሆስፒታል ደረሱ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳሉ።

ሐኪሙ የልብ አልትራሳውንድ አደረጉላቸው። በማሳያው ላይ የልባቸው ቀኝ ክፍል ተወጥሮ ግራውን ይጫነው ነበር። በውስጡም አንድ ረጅም ነገር በእያንዳንዱ ምት እንደ ትል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሲስተር አርባ አራት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው አዩት። ወንድማቸው ማሳያውን ሳይሆን የእርሳቸውን ፊት ይመለከቱ ነበርና «እትዬ፣ ምን አየሽ?» አሏቸው። መልስ ሳይሰጡ ልቡ አንድ ጊዜ መታ፤ ያ ነገር ከማሳያው ላይ ጠፋ። ወዴት እንደሄደ ሐኪሙም ሲስተርም ያውቁ ነበር። ሹፌሩ በአርባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

አሁን የምንጽፈውን ሲስተር «ሳታለሳልሱ ጻፉት» ብለዋል። ሐኪሙ በኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ የሞት ማስረጃውን ሲሞሉ፣ «ሲስተር፣ እናትዎም እንዲሁ ነበር የሞቱት ብለውኝ ነበር። ይሄ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው መታየት ስላለባቸው እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ» አሉ። የሹፌሩ ሴት ልጅ ሠርግ ሊደረግ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ሲስተር ወረቀቱ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «ዶክተር፣ በሞቴ! የዘር የሚባል ቃል አይጻፉ። ልጅቷን ማን ያገባታል?» «እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?» አሉ ሐኪሙ። «እኔ አለሁላት። እኔው እጠብቃታለሁ» አሉ ሲስተር። በወረቀቱ ላይ «ድንገተኛ የልብ ድካም» ተብሎ ተጻፈ። በሹፌሩ ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ሲስተር ናቸው፤ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» የሚለውም በገዛ እጃቸው የተጻፈ ነው።

ሠርጉ ወደ ሚያዝያ ተላለፈ እንጂ አልፈረሰም። ሙሽራዋ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ሣቋ ከግቢ በር ይሰማል። በ1994 ዓ.ም. መጨረሻ ስትጸንስ ሲስተር ቃላቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፋ ያለ ቀሚስ እንሰፋለን በሚል ሰበብ ሜትራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። «እቴቴ፣ ለቀሚስ የባት ልክ ምን ያደርጋል?» ትላለች። «ካልሲም አብሬ ልሠራልሽ ነው፤ ዝም ብለሽ ቁሚ» ይላሉ። ለባሏ አልነገሩም። እርግዝናዋን ለሚከታተሉት ሐኪምም አልነገሩም። በሜትራቸው ተማምነው ነበር።

በሰኔ ወር 1995 ዓ.ም. ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። የባሏ ቤተሰቦች ደጎች ነበሩ፤ ምራታቸውን ከአልጋ እንዳትነሣ በሁለት በኩል ይጠብቋት ነበር። ሲስተር ለመራመድ እንድትነሣ ቢወተውቱም «አይ ሲስተር፣ እርስዎ ደግሞ! ሆስፒታል መሰለዎት እንዴ?» እየተባሉ ይሣቅባቸዋል። በዘጠነኛው ቀን ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ። ከመሄዳቸው በፊት ለኩ። ሁለቱም እግር እኩል ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አራሷ ደረቷን ወጋት፤ ስታስል መሐረቧ ላይ ጥቂት ደም አየች። ባሏ ወዲያው ሆስፒታል አደረሳት። ተረኛው ሐኪም መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ፤ «በቤተሰቧ ደም የሚረጋበት፣ ወይም ድንገት የሞተ ሰው አለ?» ባሏም «አባቷ በልብ ድካም ነው የሞቱት። ሌላ የለም» አለ። አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ የነበረው ያ ነው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ የዚያኑ መድኃኒት ጀመረላት። አንድ ቀን ተኩል በዚያ አለፈ።

ሲስተር ተጠርተው ሲደርሱ ቀትር ነበር። ከክፍሉ በር ላይ እንደቆሙ የልጅቷ የአንገት ደም ሥር ተገትሮ አዩ። አንሶላውን ገለጡ። መለካት አላስፈለጋቸውም። ጮኹ፤ ሐኪሙ ሮጠ፤ ትክክለኛው መድኃኒት በደም ሥሯ መግባት ጀመረ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። በሃያ አራት ዓመቷ አረፈች። በቀብሯ ላይ የተነበበውን አንደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

የአሥራ ሁለት ቀኗን ልጅ ሲስተር ወሰዱ። «እማዬ» ብላ የጠራችው እርሳቸውን ነው። ባልየው «የለም» ያለበትን ያን ቃል እያነሣ ለዓመታት ራሱን ሲረግም ሲስተር አጠገቡ ተቀምጠው ሰምተዋል፤ አንድም ቀን «ያንተ አይደለም» አላሉትም። ይህን ይቅርታ ዛሬ በእርሳቸው ስም እዚህ እንጠይቀዋለን። እርሱም እዚህ አለ፤ ከመካከላችሁ ቆሟል።

በ1996 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ የደም ማቅጠኛ ክፍል በሲስተር ውትወታ ተከፈተ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሚዛን ነበረው። መድኃኒቱ በወፍራምና በቀጭን መካከል የሚያስኬድ ጠባብ መንገድ ስለሆነ፣ ሲበዛ ደም ያፈሳል፤ ሲያንስ ደም ይረጋል። ሲስተር ሰዉን በየሳምንቱ እየጠሩ ደሙን ያስመረምራሉ፤ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያመጣሉ። አዲስ ሕመምተኛ ሲመጣ ግን «ከቤታችሁ ደም ረግቶበት የሞተ አለ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት እንዲህ ነበር፤ «ከቤታችሁ ድንገት የሞተው ማን ነው? ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት ተኝቶ ነበር ወይስ ይራመድ ነበር? እግሩስ? አሁን ደግሞ ንገሪኝ፣ ለሰው ምን ብላችሁ ተናገራችሁ?» ብዙ ሰው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ያለቅስ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ ተብለው ሽኝት ተደረገላቸው፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛቸው ጋ ነበሩ። እስከ 2011 ዓ.ም. ያለ ደመወዝ አገልግለዋል።

የሹፌሩ ወንድ ልጅ አባቱና እህቱ ሲሞቱ ሩቅ አገር ትምህርት ላይ ነበር። የተማረው የአጋጣሚና የዕድል ስሌት ነው። በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት የሲስተር ባለቤት በኩላሊት ሕመም ካረፉ በኋላ፣ ሲስተር ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጡ ስለ ወረቀቱ ነገሩት። አራት ወር አላናገራቸውም። ሲመለስ ይቅርታ ሳይሆን ጥርጣሬ ይዞ መጣ። «እቴቴ፣ ከአንድ ቤት ሦስት ሰው መሞቱ ሕግ አይሆንም። አጋጣሚም ሦስት ጊዜ ያንኳኳል» አላቸው። «ደስ ይለኛል። አስመርምርና ውሸታም አድርገኝ» አሉት። የሁለቱም ደም ወደ ውጭ ተላከ። የእርሱ ደህና ነው ተባለ። የእርሳቸው ግን ደም ያለ ምክንያት እንዳይረጋ የሚከለክለው ነገር መኖር ከሚገባው በግማሽ የሚያንስ ሆኖ ተገኘ። ይህ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ነው፤ ከሁለት ልጅ አንዱን ያገኛል፤ የቱን እንደሆነ አይናገርም። የወንድማቸው ልጅ አላምን ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመ። ሦስቱም አንድ ሆኑ።

የቀረችው ልጅቷ ነበረች። እርሷ አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ መነጽር ቤት ትሠራለች። በ2015 ዓ.ም. ስለ እናቷ ሁሉንም ሲነግሯት አልጮኸችም። ተነሥታ እንደወትሮዋ ራት አቀረበች። ምርመራውን ግን እምቢ አለች። ታጭታ ነበር፤ ሠርጓም ለዚህ ዓመት ጥር ተቆርጧል። «እማዬ፣ እነሱ ቤት ቢሰማ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው የሚያዩኝ። ሳላውቀው ብኖር ይሻለኛል» አለች። «እናትሽም ሳታውቀው ነው የኖረችው። ሃያ አራት ዓመት» አሏት ሲስተር። ልጅቷ በሩን ዘግታ ገባች። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ይህ ጉዳይ አልተነሣም፤ ሲስተር ግን ልጅቷ ደረጃ በወጣች ቁጥር ትንፋሿን ያዳምጡ ነበር።

በመስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲስተር ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ለቀዶ ሕክምናው ሲባል ከምርመራቸው ወዲህ ስምንት ዓመት የወሰዱት ደም ማቅጠኛ መቆም ነበረበት፤ ቆሞም እንደገና ተጀመረ። ጠያቂው ሁሉ «አይንቀሳቀሱ፣ ይረፉ» ይላቸዋል። እርሳቸው «አስነሡኝ! አልጋ ያለ ጉዳይ ሰው አይወድም» እያሉ ይጨቀጭቁ ነበር። በመስከረም 25 ቀን ጠዋት ትንፋሻቸው አጠረ። ሲቲ ስካኑ በሁለቱም ሳንባቸው የረጋ ደም አሳየ። ወጣቱ ሐኪም የልብ አልትራሳውንዱን ሲያይ ማሳያውን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ አዞረ፤ «ትንሽ ነገር ናት ሲስተር፤ ትሟሟለች» አላቸው። «ልጄ፣ ወደ እኔ መልሰው» አሉት። አዩት። «አውቀዋለሁ» አሉ ብቻ። የረጋ ደም በፍጥነት የሚያሟሟው መድኃኒት ቁስላቸው ገና ትኩስ ስለነበር ሊሰጣቸው አልተቻለም፤ ቢሰጥ ደም ይፈሳቸው ነበር። ይህንንም ከሐኪሙ ቀድመው የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። በሌላው መድኃኒት ሁለት ሳምንት ታገሉ።

በጥቅምት 3 ቀን የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው «የእኔን ታሪክ አንተ ጻፈው። አንተ ማሳመር አትችልበትም» አሉት። ከዚያም የነገርናችሁን ትእዛዝ ሰጡ። ጥቂት ቆይተው ግን አንድ ነገር ጨመሩበት፤ «የልጅቷ ጉዳይ የልጅቷ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ሰው ደም ሰው ሳላስፈቅድ ወስኛለሁ። ካልፈቀደች ስለ እርሷ ያለውን አውጥተህ አንብብ።» ልጅቷ አልጋው ግርጌ ቆማ ትሰማ ነበር። ሲስተር በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ከእግራቸው ተነሥቶ በልባቸው አልፎ ሳንባቸውን በዘጋው የረጋ ደም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ሲስተር ከኋላቸው የተዉት ምርመራው ደህና ነው የተባለውን የወንድማቸውን ወንድ ልጅ፣ የሟች እህቱ ባለቤት የነበረውንና፣ በእጃቸው ያሳደጓትን ልጅ ነው።

ስለ ልጅቷ ይህን ብቻ እንጨምራለን። ይህ ጽሑፍ በሁለት ዓይነት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ እርሷ ያለችበት፣ ሌላው የሌለችበት። ትናንት ሁለቱም ተሰጧት። የሌለችበትን መልሳ ሰጠች። እጮኛዋንና ወላጆቹን አስቀድማ ለብቻቸው እንድትነግር ስንመክራት፣ «ለብቻቸው ብነግራቸው ዝም እንድል ያባብሉኛል፤ እኔም እባበላለሁ። ሰው ፊት ይነበብ» አለች። ስለዚህ እነርሱም ይህን የሚሰሙት ከእናንተ ጋር እኩል፣ አሁን ነው። ትናንት ጠዋት ደም ሰጥታለች። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው በመካከላችን የለም።

ፈጣሪ የሲስተርን ነፍስ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ከእርሳቸው ቀድመው የሄዱትንም፣ ምክንያታቸው ተነገረም አልተነገረ፣ በምሕረቱ ይቀበልልን። ለቀረነውም ስንጠየቅ «የለም» የማይል አንደበት ይስጠን። እንኳን መጣችሁ፤ ሐዘናችንን ስለተካፈላችሁ እናመሰግናለን። አሁን ልጅቷ ከፊት ቆማለች፤ ልታጽናኗት የምትፈልጉ ወደ እርሷ ቅረቡ።